የእንግዳ ልደት ሬስቶራንት ውስጥ እንዴት ይከበራል? ከደሴ አንድ አስተናጋጅ

አስተናጋጅነት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። አብዛኛውን እዚሁ ደሴ፣ ትንሹን ደግሞ ታች ኮምቦልቻ ነው የሠራሁት። ስንት ልደት ላይ እንዳጨበጨብኩ ብትጠይቁኝ አላውቅም። የተበላሹትን ግን አንድ በአንድ አስታውሳለሁ።

ከሁሉም የማይረሳኝ የአንዲት ልጅ ነው። ጓደኞቿ ቀድመው ደውለው «ሰርፕራይዝ ነው፣ እንዳትነግሯት» አሉን። እሺ አልን። ሰዓቱ ሲደርስ አምስት ሆነን፣ ኬክ ይዘን፣ እያጨበጨብን ከወጥ ቤት ወጣን። ልጅቷ ኬኩን አየችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። እኛ የደስታ እንባ መስሎን ጭራሽ ድምፃችንን ከፍ አደረግን። ለካ እናቷ ከሞቱ ገና ሰባት ወራቸው ነው። ያለ እናቷ የመጀመሪያ ልደቷ ነበር። ጓደኞቿ እናጽናናት ብለው ነው፣ ክፋት የለባቸውም። ግን ሙሉ ቤት እያያት፣ አናቷ ላይ አምስት ሰው ቆሞ እያጨበጨበ፣ የት ትግባ?

ከዚያ ወዲህ አሠራሬን ቀየርኩ። አሁን አዲስ ልጅ ሲቀጠር ሥራውን የማሳየው እኔ ነኝ፤ ስለ ልደት የምነግራቸውን ነው እዚህ የጻፍኩት። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ኬኩን ያዘዘው ሰውና ኬኩ የሚመጣለት ሰው ሁለት ሰዎች ናቸው። ያዘዘው ነው የሚከፍለን፣ የሚያመሰግነንም እሱ ነው። ስለዚህ ሳናስበው ለእሱ መሥራት እንጀምራለን። ሥራው ግን ለሌላኛው ነው።

1. ስልኩን ያነሳ ሰው ይጠይቅ

ልደት የሚበላሸው አዳራሽ ውስጥ አይደለም፣ ስልክ ላይ ነው። «ለቅዳሜ ልደት አለን፣ አሥር ሰው ነን» ሲባል «እሺ» ብሎ መዝጋት የለም። ደብተር አውጡና ጠይቁ።

መጀመሪያ ስለ ባለልደቱ ጠባይ። እኔ እንዲህ ነው የምለው፦ «ሰው መሃል ስሙ ሲጠራ ደስ የሚለው ነው፣ ወይስ መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ የሚል ዓይነት?» ደዋዩ ይስቃል፣ ግን እውነቱን ይናገራል። «ኧረ እሱ ዓይን አፋር ነው» ካለ ዘፈኑን ትተን ኬኩን በጸጥታ እናቀርባለን። ሻማ፣ አንድ «እንኳን ተወለድክ»፣ በቃ። ይህንንም የሚወድ ብዙ ነው፤ ከምትገምቱት በላይ።

ቀጥሎ የሐዘን ነገር። ለመጠየቅ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ግን በእኛ አገር ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ ሰው የጎደለበት ቤት ብዙ ነው። ሰው ሐዘኑን ግንባሩ ላይ ጽፎ አይዞርም። «በቅርብ ሐዘን የደረሰበት ሰው በመሃላችሁ አለ ወይ? ካለ ሙዚቃውን ዝቅ እናደርጋለን» ብትሉ ማንም አይቀየማችሁም። እንዲያውም «ይህን ያህል አሰባችሁልን?» ይሏችኋል።

በሃይማኖቱ ምክንያት ልደት የማያከብርም አለ። ጓደኞቹ ሳያውቁ ወይም ቀላል መስሏቸው ያዝዛሉ። «ባለልደቱ ልደት ያከብራል አይደል?» የምትለዋ ጥያቄ ሞኝ ትመስላለች፤ ሁለት ጊዜ ግን አድናኛለች።

ከዚያ ስም። ስሙን በቃል አትቀበሉ፣ በቴክስት ይላክላችሁ። ኬክ ላይ ሐያትን በየትኛው «ሀ» እንደሚጽፉት፣ ኃይሉን በየትኛው እንደሚጽፉት ባለቤቱ ነው የሚያውቀው። ክሬም አንዴ ከተጻፈ አይፋቅም፤ የተፋቀም ያስታውቃል። የቤት ስም ካለውም ጠይቁ። መታወቂያው ላይ ያለውን ስም የሚጠራው ባንክ ቤት ብቻ የሆነ ሰው አለ።

ዕድሜ ግን አትጠይቁ። አንድ ሻማ ለሁሉም ይበቃል። ቁጥር ያለው ሻማ ይምጣ ካሉ ራሳቸው ያምጡ፤ ቁጥሩ ቢሳሳት የእነሱ ጠብ ይሆናል።

2. ቀንና ሰዓት፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ

ቀላል ይመስላል አይደል? አንድ ጊዜ አሜሪካ ያለ ሰው ለእናቱ ልደት ደውሎ «ለ7 ሰዓት አዘጋጁልኝ» አለን። እኛ ምሳ ሰዓት ላይ ጠረጴዛውን አበባ በአበባ አደረግነው። 7 ሰዓት ሆነ፣ 8 ሆነ፣ የመጣ የለም። ስንደውል ቤተሰቡ ገና ቤት ነው። ሰውየው ያሰበው በፈረንጅ 7 ሰዓት ነው፣ ማለትም በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት። ኬኩን ከፍሪጅ አስገብተን አወጣነው፣ አበባው ጠወለገ፣ ጠረጴዛው ስድስት ሰዓት ሙሉ ባዶውን ዋለ። ስለዚህ ሁልጊዜ «የቀን ነው የማታ? በእኛ ነው በፈረንጅ?» በሉ። ደዋዩ ደሴ ተወልዶ ያደገ ቢሆንም ጠይቁ፤ ውጭ አገር ጥቂት ዓመት የኖረ ሰው ሰዓቱ ይዞርበታል።

ቀኑ ደግሞ የባሰ ነው። ፌስቡክ ላይ ያለው ልደት በፈረንጅ ነው፣ እናቱ የምታውቀው በእኛ ነው። ሁለቱን አንድ ለአንድ አዛምደን እንጨርሳለን ብላችሁ ካሰባችሁ ተሳስታችኋል፣ አንዳንድ ዓመት በአንድ ቀን ይንሸራተታሉና። መስከረም 1 ብዙውን ጊዜ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜ 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ግን ሴፕቴምበር 12 ይሆናል። 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜ 6 ሆነች፣ የ2016 እንቁጣጣሽም 12ኛው ላይ ዋለ። መንሸራተቱ እስከ የካቲት አጋማሽ አልፎ ይሄዳል፣ ከዚያ ይስተካከላል። ስለዚህ ከመስከረም እስከ የካቲት የተወለደ ሰው ካጋጠማችሁ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚያከብር ይንገራችሁ፣ እናንተ አታስሉ። ጳጉሜ 6 የተወለደስ? እሱማ በአራት ዓመት አንዴ ነው፤ አብዛኞቹ ጳጉሜ 5 ያከብራሉ፣ እንቁጣጣሽ ላይ የሚጨምሩትም አሉ።

በነገራችን ላይ በዓመት ሁለቴ «ልደቴ ነው» ብሎ የሚመጣ ደንበኛ አለን፣ አንዴ በእኛ አንዴ በፈረንጅ። ነጻ ኬክ ፍለጋ እንደሆነ እናውቃለን። እንሰጠዋለን። ኬኩ ቁራሽ ነው፣ ሰውየው ግን ሁሌም አምስት ሰው ይዞ ነው የሚመጣው።

ቀኑ ሲታወቅ ጾሙን ተመልከቱ። ረቡዕና ዓርብ መሆኑን፣ ሁዳዴ፣ ፍልሰታ ወይም የገና ጾም መግባቱን እዩ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፤ አዲስ ልጆች ይህን ይረሱና የጾም ኬክ ያዝዛሉ፣ እንግዳው ያኮርፋል። ረመዳን ከሆነ ደግሞ ከመግሪብ በፊት ልደት አትቀበሉ። ልክ በመግሪብም አይሆንም፣ ወጥ ቤቱ በማፍጠሪያ ተወጥሮ ነው፣ እንግዳውም ቴምርና ሾርባ እንጂ ጭብጨባ አይፈልግም። ትንሽ ዘግየት አድርጉት፤ ተራዊሕ (የረመዳን የማታ ሶላት) የሚሄድ ካለም ጠይቃችሁ ከዚያ በኋላ ያዙት።

3. ኬኩ

ደሴ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ መቀመጡ ብርቅ አይደለም፣ አንድ ቤተሰብም ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ኬክ ስታዝዙ ሁሉም የሚበላው ይሁን። ኬክ ቤቱን «ሩም ወይም ሌላ አልኮል አለበት?» ብላችሁ ጠይቁ። ከላይ የሚያብረቀርቅ ጄል ያለበት ከሆነ ጄላቲኑ ከምን እንደተሠራ ጠይቁ፣ ካላወቁት ሌላ ዓይነት ይሁን። የጾም ኬክ ሲባል እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ የሌለበት ማለት ነው፤ ግን ክሬሙን አትርሱት። በዱቄት የሚመጣው የክሬም ማሸጊያ ላይ የወተት ነገር ተጽፎ የሚገኝበት ጊዜ አለ። «የጾም ነው» ተብሎ የተበላ ኬክ በኋላ ወተት አለበት ቢባል ሰውየው ላይ የሚሰማውን አስቡት።

ቢላዋው! ይህን አሥር ጊዜ ነው የምናገረው። ለኬክ የሚሆን ቢላዋ ለብቻው ይቀመጥ። ሩጫ ላይ ሆናችሁ ከሥጋ ቤቱ ወይም ሽንኩርት ከሚከተፍበት ያገኛችሁትን አንሥታችሁ አትውጡ። ሽታው አንድ ነገር ነው። ከዚያም በላይ ግን የሙስሊም ሥጋና የክርስቲያን ሥጋ ለይቶ በሚሠራ ከተማ፣ የጾም ቀን ላይ ደግሞ፣ ቢላዋው ከየት እንደመጣ የሚያይ ዓይን ሁሌም አለ። እኛ እጀታው ላይ ቀይ ፕላስተር ጠቅልለንበታል፤ ካሸሯ ጋ ነው የሚቀመጠው፣ ወጥ ቤት አይገባም።

ኬኩ ከኮምቦልቻ የሚመጣ ከሆነ መንገዱን አስቡ። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን የሐረጎን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ መታጠፊያ በመታጠፊያ ነው። ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ክሬሙ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ዳገቱን ሲወጣ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ደሴ ሲደርስ ጦሳ ተራራ የወረደበት ይመስላል። ከታች ሲነሣ በደንብ ቀዝቅዞ ይነሣ። መኪና ውስጥ ጭን ላይ አይያዝ፣ ወንበር ላይም አይቀመጥ፣ ሁለቱም ያዘነብላሉ። ጠፍጣፋ ወለል ላይ፣ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ተነጥፎ። ከተማ ውስጥ በባጃጅ የምታመጡ ከሆነ ያው ነው፣ ሾፌሩንም «ወንድሜ ኬክ ነው የያዝኩት» በሉት፤ ካላወቀ ጉድጓዱን ሁሉ ይቆጥረዋል።

ራሳችሁ የምትጋግሩ ካላችሁ፣ ከስልክ ያገኛችሁትን አሠራር እንዳለ አትውሰዱ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኬኩ ቶሎ ይነፋና መሃሉ ይሰምጣል። ቤኪንግ ፓውደሩን ቀነስ፣ ፈሳሹን ትንሽ ጨመር ማድረግ ነው።

ለትልልቅ ሰዎች ደግሞ ኬክ ግዴታ አይደለም። ሰባ ዓመት ለሞላቸው አባት ሞቅ ያለ ድፎ ዳቦ አቅርባችሁ ቢቆርሱና ቢመርቁ፣ ቡናው አጠገብ ቢፈላ፣ ፈንዲሻው ቢኖር፣ ከየትኛውም ቶርታ ይበልጥባቸዋል። ሐሳቡን ለልጆቻቸው እኔ ነኝ የማቀርበው፣ እስካሁን እምቢ ያለኝ የለም።

4. ማን ይገባል፣ ማን ይዘፍናል

ሦስት ወይም አራት ሰው ይበቃል። ሁሉም ሠራተኛ ከወጣ ሌላው ጠረጴዛ ማን ይታዘዘዋል? ደግሞ ማንንም አታስገድዱ። መዘመር የሚያፍር ልጅ አለ፣ በእምነቱ የማይመቸው አለ። ያ ልጅ ሰሃን ያድል፣ ስልክ ይዞ ፎቶ ያንሣ። ተገዶ የሚያጨበጭብ ሰው ፊቱ ላይ ያስታውቅበታል፣ ፎቶው ላይም ይወጣል።

ይህ ሠራተኛ ተሰብስቦ ለእንግዳ የማጨብጨብ ነገር በአሜሪካ ትልልቅ ሬስቶራንቶች የተለመደ ነው። እዚያ ብዙዎቹ ቤቶች የታወቀውን የልደት ዘፈን ትተው የራሳቸውን ግጥምና ጭብጨባ ፈጥረው ነበር። ምክንያቱ ገንዘብ ነው። የዘፈኑ ዜማ በ1893 በፈረንጆቹ የታተመ የሕፃናት መዝሙር ሆኖ ሳለ፣ አንድ አሳታሚ ድርጅት መብቱ የኔ ነው ብሎ ለንግድ የተጠቀመበትን ሁሉ ያስከፍል ነበር። በ2015 በፈረንጆቹ ፍርድ ቤት መብት የለህም አለው፣ በዓመቱ ደግሞ 14 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ነገሩ አለቀ። እኛ ጋ ለዘፈኑ የከፈለ ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ የእኛ ችግር ሌላ ነው፣ እሱም ሰዋስው ነው።

አትሳቁ። ፈረንጅ ለሁሉም አንድ ቃል ነው የሚለው። እኛ «ላንተ»፣ «ላንቺ»፣ «ለእርስዎ» አለን። ሳይነጋገሩ የገቡ ልጆች ግማሹ «ላንተ» ግማሹ «ላንቺ» ሲል ሰምቻለሁ፣ ባለልደቷ ደግሞ የስልሳ ዓመት እናት ነበሩ። ስለዚህ ከወጥ ቤት ሳትወጡ በር ላይ ቆማችሁ ተነጋገሩ፦ ስሙ ማነው፣ ወንድ ነው ሴት፣ አንተ ነው አንቱ። መሪው አንድ ሰው ይሁን፣ ዜማውን ዝቅ አድርጎ ይጀምር። ከላይ ከጀመረ ስሙ የሚጠራበት ቦታ ላይ ሁሉም እንደ ዶሮ ይጮሃል። አንድ ዙር ብቻ። ከአንድ ደቂቃ አይለፍ። እልልታ የምትችል ካለች አንድ እልልታ ከሦስት ዙር ዘፈን ይሻላል።

ማሲንቆ ተጫዋች ወይም ባንድ ያለበት ቤት ከሆነ ቀድማችሁ አነጋግሩት። አንድ ምሽት ማሲንቆ ተጫዋቹ የባለልደቷን ስም ሰምቶ በራሱ ፈቃድ በትዝታ ጀመረላት። ቆንጆ ነው የተጫወተው፣ ግን ጠረጴዛው ሁሉ አንገቱን ደፋ። የባቲና የአምባሰል አገር ላይ ሆነን ለልደት ትዝታ? ሞቅ ያለ ነገር ይጫወት፣ ትዝታው እንግዳው ሲጠይቅ ይመጣል።

5. መብራቱን አታጥፉ

ይህን ከልምድ ነው የምላችሁ። ፊልም ላይ መብራት ይጠፋል፣ ኬክ በሻማ ይገባል፣ ሁሉም «ዋው» ይላል። ደሴ ላይ መብራት ስታጠፉ ሙሉ ቤቱ «ኤጭ፣ ሄደ!» ነው የሚለው። ሁሉም የስልኩን ባትሪ ያበራል፣ አንዱ «ጀነሬተር የላችሁም?» ብሎ ይጮሃል፣ ሕፃን ያለቅሳል። በዚያ ላይ ትኩስ ወጥ የያዘ አስተናጋጅ መሃል መንገድ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ዝቅ ማድረግ ከፈለጋችሁ ከጠረጴዛው በላይ ያለውን ብቻ አጥፉ፣ ካሸሯም፣ ወጥ ቤቱም፣ አጠገብ ያሉት እንግዶችም ቀድመው ይወቁ።

በረንዳ ላይ ሻማ አይሠራም። የደሴ ንፋስ ሦስት እርምጃ አያስኬደውም። ሻማውን ጠረጴዛው ጋ ስትደርሱ አብሩት፣ ወይም ጠረጴዛውን ወደ ውስጥ አስገቡ።

ኬክ ላይ የሚተከለው ርችት ሌላ ጉዳይ ነው። ሲታይ ያምራል፣ ግን ብልጭታው እጅግ ይሞቃል። ነጠላ፣ ሻሽ፣ ሂጃብ፣ ስፕሬይ የተደረገበት ፀጉር አጠገብ አይሆንም። ጣሪያው ላይ የወረቀት ጌጥ ወይም በጋዝ የተሞላ ፊኛ ካለ ጨርሶ አታብሩት። ካበራችሁም እስኪያልቅ ማንም ወደ ኬኩ አይጎንበስ፤ ያለቀውን ሽቦ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ክተቱት። ጠፍቶም ያቃጥላል።

6. መግቢያው

ከኋላ አትምጡ። ባለልደቱ ከሩቅ እንዲያያችሁ ከፊት ለፊት ግቡ። ሰው ድንጋጤውን ለመሰብሰብ አሥር ሰከንድ ያስፈልገዋል፣ የምትሄዱበት ርቀት ያንን ይሰጠዋል። መሪው ኬኩን አይይ፣ ፊቱን ይይ። እውነቱ ያለው እዚያ ነው።

ፊቱ ከተፈታ ቀጥሉ። ከጨለመ፣ ወይም አንገቱን ከደፋ፣ ወይም ያዘዘውን ሰው በቁጣ ካየ አቁሙ። እኛ ምልክት አለን፤ መሪው ትሪውን ዝቅ ካደረገ ጭብጨባው ወዲያው ይቆማል። ኬኩን ቀስ ብሎ ያስቀምጣል፣ ዝቅ ብሎ «እንኳን ደህና መጡ» ይላል፣ የተቀረው ወደየሥራው ይበተናል። ተራ ጣፋጭ ያመጣ አስተናጋጅ ይመስላል፣ ሌላው እንግዳ ልብ አይለውም። ያቺ የነገርኳችሁ ልጅ የመጣችበት ቀን ይህ ምልክት ቢኖረን ኖሮ ሁለት ደቂቃ አናስለቅሳትም ነበር።

ሻማ ላይ እፍ ማለትን በተመለከተ ትንሽ ልንገራችሁ። አሜሪካ ክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በ2017 በፈረንጆቹ ባወጡት ጥናት፣ ሻማ የተነፋበት ክሬም ላይ ያለው ባክቴሪያ ካልተነፋበት በ1,400 ከመቶ ጨምሮ አግኝተውታል። ኬክ የበላ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። ግን ጉንፋን የያዘው ሰው ሲነፋ አይታችሁ ታውቃላችሁ። እኛ ሻማውን ለብቻዋ በተቆረጠች ቁራጭ ወይም ትንሽ ኬክ ላይ እንተክላለን፣ ባለልደቱ እሷን ይነፋል፣ እሷኑ ይበላል። ትልቁ ኬክ አጠገቧ ይቀመጣል። ፎቶ ላይ ልዩነቱ አይታወቅም።

7. ቆረሳውና ምርቃቱ

ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ሰው ካለ ቢላዋውን ከመስጠታችሁ በፊት እሳቸውን እዩ። ወሎ ነው ያላችሁት። አባት እጃቸውን ዘርግተው ዱአ ሊጀምሩ፣ ወይም እናት ተነሥተው ሊመርቁ ይችላሉ። ከተጀመረ ዝም ብላችሁ ቁሙ፣ «አሚን» በሉ፣ ሰሃን አታንኳኩ፣ ስፒከሩ ይዘጋ። ምርቃቱ ረዘም ሊል ይችላል፣ ይርዘም። አንድ አዲስ ልጅ መሃል ላይ «ኬኩ እየቀለጠ ነው አባባ» ብሎ አቋርጦ፣ ሽማግሌው ሳይቆጡ «አንተንም አላህ ያቅልጥህ ልበል?» አሉት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ አሁን ጥሩ አስተናጋጅ ነው።

ከተቆረሰ በኋላ ሰሃን ከትልቅ ሰው ይጀመር፣ ባለልደቱን ግን እነሱ ናቸው የሚያጎርሱት፣ እናንተ አትግቡበት። መጠጥ የምትከፍቱ ከሆነ ጠረጴዛው የተቀላቀለ መሆኑን እያያችሁ፣ ጮክ ብሎ የሚፈነዳው አልኮል የሌለበት ይሁን፤ ቢራ የፈለገ በየራሱ ያዝዛል።

የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲመጡ ደግሞ ሌላ ጨዋታ አለ፤ ውሃ መድፋት፣ ዱቄት መበተን፣ ክሬም ፊት ላይ መለጠፍ። ፍቅር ነው፣ ገብቶኛል። ግን በክረምት የደሴ ማታ ላይ ውሃ የተደፋበት ልጅ እየተንቀጠቀጠ ወደ ዶርም ሲሄድ አይቻለሁ፣ የሸፈነው ጨርቅ የኛ የጠረጴዛ ልብስ ነበር፣ አልተመለሰም። ሲገቡ ነው የምንነግራቸው፦ «የኔ ጌቶች፣ ዘፈን እንደልባችሁ፣ ውሃ ግን ለመጠጥ ብቻ።» ከገቡ በኋላ ብትነግሯቸው አይሰሟችሁም።

8. ፎቶ

በእነሱ ስልክ አንሡ። በቤቱ ስልክ አንሥታችሁ የሬስቶራንቱ ቲክቶክ ላይ ልትለጥፉ ከሆነ ባለልደቱን ራሱን ጠይቁ፣ ያዘዘውን አይደለም። ደሴ ሰፊ አይደለችም፤ ፒያሳ ላይ ያስነጠሰ ሰው ቧንቧ ውሃ ሰፈር ላይ «ይማርህ» ይባላል። «ለቅሶ አለብኝ» ብሎ ከሥራ የቀረ ሰው ከጀርባ ፈንዲሻ ሲቅም የታየበት ቪዲዮ የለጠፈ ቤት አውቃለሁ። ሰውየው ዛሬም በዚያ በር አያልፍም።

9. ሂሳብ

ከውጭ ኬክ ይዞ ለሚመጣ የሰሃንና የአገልግሎት የምታስከፍሉ ከሆነ ስልክ ላይ ተናገሩ፣ ቢል ላይ አታሳዩት። ቀብድ ካለ በቴሌብር ይላክ፣ የላከበት መልእክት ይቀመጥ። ቤቱ የሰጠው ነጻ ቁራሽም ሆነ ቡና ቢሉ ላይ አይግባ፣ «ቅናሽ» ተብሎም አይጻፍ፤ ስጦታ ዋጋው ተጽፎበት አይሰጥም። ሂሳቡ ለባለልደቱ አይቅረብ። ማን እንደሚከፍል ስልክ ላይ ጠይቃችኋል አይደል? ካልጠየቃችሁ አሁን ሦስት ሰው «እኔ ልክፈል» ብሎ ሲታገል ማየት ነው።

ዘፍነናል ብላችሁ ቲፕ ለመጠበቅ ጠረጴዛው አጠገብ አትቁሙ። ካለ ይመጣል። ሲመጣ ደግሞ ሰሃን ላጠበው ልጅም ይድረሰው።

10. ካለቀ በኋላ

የተረፈውን ኬክ ሳይጠይቁ ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ ስጡ። የጠረጴዛ ልብስ ላይ የፈሰሰ ሻማ በጥፍር አይፋቅም፤ በረዶ አስቀምጡበት፣ ሲደርቅ በማንኪያ ጀርባ አንሡት፣ የቀረውን ከላይና ከታች ሶፍት አድርጋችሁ በለብታ ካውያ ስትጫኑት ሶፍቱ ይመጠዋል። ቀዩን ቢላዋ አጥባችሁ ለካሸሯ መልሱ። ግማሽ የተቃጠለ ሻማ ለሌላ ሰው ልደት አይወጣም፣ ግን አትጣሉት፤ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ፣ ማታ እውነተኛው መብራት ሲሄድ ይፈለጋል።